ገበቴና ማሊያ

እሁድ ከሰዓት በኋላ አሶሳ ውስጥ ሰው በሁለት ቦታ ይሰበሰባል፤ በማንጎ ጥላ ሥርና በዲኤስቲቪ ቤት። የየካቲት ፀሐይ ቆርቆሮውን አግሎታል። በር ላይ የተንጠለጠለው መጋረጃ ማራገቢያው በዞረ ቁጥር ተነስቶ ይወድቃል። ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጋ ወጣት የእንግሊዝን ጨዋታ ይጠብቃል። የበርታው ልጅ፣ በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ የመጡት ሰዎች የልጅ ልጅ፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ባጃጅ ነጂው፣ ሁሉም በር ላይ ከፍሎ ገብቷል። ለሁለት ሰዓት ያህል የሚለያያቸው የማሊያ ቀለም ብቻ ነው።

የዚያን ቀን ክርክሩን ያስነሳው ጨዋታው አልነበረም። ገና ሳይጀመር የአንድ ተጫዋች የሳምንት ደሞዝ በስክሪኑ ግርጌ ሲያልፍ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ መምህር ራሳቸውን ነቀነቁ። "ኳስ ለመታ ይሄ ሁሉ?" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከኋላቸው የነበረው ባጃጅ ነጂ ጎንበስ ብሎ፣ "ቲቸር፣ እርስዎም እኮ ከፍለው ነው የገቡት" አላቸው። ቤቱ ሳቀ። መምህሩ ግን ነገሩን በቁም ነገር ያዙት፤ ጨዋታው ተጀምሮም ሲያሰላስሉ አየኋቸው። እኔም ያችን መልስ ይዤ ወጣሁ።

የመምህሩ ቅሬታ ዝም ብሎ ቅናት አይደለም። ፎርብስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዝርዝር ክርስቲያኖ ሮናልዶ በአንድ ዓመት 275 ሚሊዮን ዶላር እንዳገኘ አስፍሯል። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደሞዝ ደግሞ በዲግሪ ሥራ የሚጀምር ሰው በወር 11,500 ብር ያገኛል። በዚያ ሰሞን በነበረው ምንዛሪ ሲሰላ፣ ሮናልዶ የአንድ ጀማሪ ባለዲግሪን የዓመት ደሞዝ ለማግኘት ሁለት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ተኝቶም ቢሆን። ልጆችን ፊደል ያስቆጠረ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ቢነቀንቅ ምን ይገርማል?

ነገር ግን ክፍያ በልፋትም በጠቃሚነትም እንደማይለካ ለአሶሳ ሰው መንገር አያስፈልግም። በመንጌና በሸርቆሌ በኩል የበርታ ሴቶች የወንዝ ዳር አፈር ቆፍረው በእንጨት ገበቴ እያጠቡ ወርቅ ይፈልጋሉ። አንዷ ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ ብላ ውላ ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ ጎረቤቷ በመጀመሪያው ገበቴ ይሳካላታል። ላባቸው አንድ ነው። ማሽላ ያረሰው ገበሬም ከሁለቱ ያላነሰ ደክሟል፤ ሰው ያለ ማሽላ አያድርም፣ ያለ ወርቅ ግን ያድራል። ወርቁ የሚወደደው ጥቂት ስለሆነና ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ነው።

ጥሩ አጥቂም እንደዚያው ነው። ከስንት ሺህ ልጅ አንዱ ነው የሚወጣው። በዚያ ላይ ቴሌቪዥን ተጨመረበት። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ሸርዊን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ አንድ ሰው ሥራውን በአንድ ጊዜ ለሚሊዮኖች ማድረስ ሲችል የችሎታ ትንሽ ልዩነት የገቢ ትልቅ ልዩነት እንደሚሆን አስረድቷል። አንድ መምህር በአንድ ጊዜ ከአንድ ክፍል ተማሪ በላይ ማስተማር አይችልም፤ ሊቨርፑል የሚጫወት ሰው ግን እዚያው ሆኖ አሶሳ፣ ካይሮና ጃካርታ ውስጥ በአንድ ጊዜ ይታያል። ባጃጅ ነጂው በር ላይ የከፈላት ብር፣ ከሌላው ዓለም ሚሊዮን ብሮች ጋር ተጠራቅማ ደሞዝ ትሆናለች።

የባጃጅ ነጂውን መልስ ከእሱ በፊት ያሰበው ፈላስፋም አለ። ሮበርት ኖዚክ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው መጽሐፍ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ዊልት ቻምበርሊንን ምሳሌ አድርጎ ነበር። አንድ ሚሊዮን ሰው እሱን ለማየት በገዛ ፈቃዱ ከትኬቱ ላይ 25 ሳንቲም ሳጥን ውስጥ ቢጥል፣ ቻምበርሊን 250 ሺህ ዶላር ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሳንቲሙን የጣለው ሁሉ ወዶ ነው የጣለው፤ ታዲያ የተበደለው ማን ነው ይላል ኖዚክ። በሐሳቡ ብዙዎች ተከራክረውታል። እኔ ግን እዚህ አገር ላይ ሆኜ የማነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። እኛ ጋ ሳጥኑ የት አለ? ሳንቲሙንስ የሚጥለው ማን ነው?

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦችን ስም መቁጠር በቂ ነው። ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከተማ፤ እነዚህን የያዟቸው የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። የ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን ንግድ ባንክ ነው፣ የ2017 ዓ.ም. ሻምፒዮን ኢትዮጵያ መድን፤ ሁለቱም ስማቸውን የወሰዱት ከመንግሥት ድርጅት ነው። መቻል የመከላከያ ሠራዊት ክለብ ነው፣ ኤሌክትሪክም የመብራት። እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና በደጋፊ ላይ የተመሠረቱት ጥቂት ናቸው። ሊጉ ከሱፐርስፖርት ጋር በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ውል የገባው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ለ16 ክለብ ቢካፈል ለአንዱ በዓመት 300 ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላም። የቀረው የሚመጣው ከበጀት ነው። በጀቱ ደግሞ የዚያው መምህር፣ የባጃጅ ነጂው፣ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጠው እናት ግብር ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ለመግባት ወደው ከፈሉ፤ ለከተማ ክለብ ሲከፍሉ ግን የጠየቃቸው የለም።

የአገራችንን የደሞዝ ክርክር ከአውሮፓው የሚለየው ይህ ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ ክለቦች ለተጫዋች የፊርማ ገንዘብ ብለው ጠቀም ያለ ብር በአንድ ጊዜ ይሰጡ ነበር፤ በኋላ ይህ ቀርቶ በወር ደሞዝ ተተካ። ደሞዙ ግን ከዓመት ዓመት ሽቅብ ወጣ፤ በወር ከመቶ ሺህ ብር በላይ የሚከፈላቸው ተጫዋቾች ነበሩ። አንዱ ከተማ ሲጨምር ሌላው ላለመሸነፍ ይጨምራል፤ ከንቲባው ቡድኑ ወርዶ በእሱ ዘመን ተዋረደ እንዳይባል ይሰጋል። የሚጨምረው ከራሱ ኪስ ቢሆን ያስብ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦች ተነጋግረው ጣሪያ አወጡ፤ ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ የማንም ተጫዋች ያልተጣራ የወር ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በወቅቱ በነበረው የሥራ ግብር ሲሰላ 16 ሺህ ብር ተቆርጦ 34 ሺህ ብር እጅ ላይ ይቀራል። ያኔ 50 ሺህ ብር ወደ 1,700 ዶላር ገደማ ነበር። ብሩ በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ በኋላ ያው ሃምሳ ሺህ ብር በዶላር ሲመነዘር ከአራት መቶም በታች ወርዷል።

እንግሊዞችም ይህን ሞክረውታል። እስከ እ.ኤ.አ. ጥር 1961 ድረስ በእንግሊዝ ከፍተኛው የተጫዋች ደሞዝ በሳምንት 20 ፓውንድ ነበር። ስታዲየሞቹ በተመልካች ሞልተው፣ የትኬቱ ገንዘብ ግን ለተጫዋቹ አይደርስም ነበር። የተጫዋቾች ማኅበር መሪ የነበረው ጂሚ ሂል አድማ እንመታለን ብሎ ሲያስፈራራ ጣሪያው ተነሳ፤ ብዙም ሳይቆይ የፉልሃሙ ጆኒ ሄንስ በሳምንት 100 ፓውንድ የሚከፈለው የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። እዚያ ጣሪያው በደል የሆነው ገንዘቡን ተጫዋቹ አምጥቶ ሌላው ስለወሰደው ነው። እኛ ጋ ገንዘቡን ያመጣው ተጫዋቹም አይደለም፣ ክለቡም አይደለም።

ለዚህ ነው ጣሪያውን ያወጡትን ሰዎች ስሜት ብረዳም መድኃኒቱ ልክ አይደለም የምለው። ሃምሳ ሺህ የምትለው ቁጥር ከምንም ጋር አልታሰረችም፤ ከክለቡ ገቢ ጋርም፣ ከዋጋ ንረት ጋርም። ወዲያውም ከውል ውጪ የሚሰጥ ገንዘብ የአደባባይ ምስጢር ሆነ። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር የሄደበት መንገድ ይሻላል፤ ተጫዋቹ ይህን ያህል ያግኝ አይልም፤ ክለቡ ለቡድኑ የሚያወጣው ከገቢው 70 በመቶ አይለፍ ነው የሚለው። የኛም ሊግ ከ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ የክለብን ጠቅላላ ወጪ ወደሚገድብ መመሪያ ዞሯል። ትክክለኛ እርምጃ ነው። ሆኖም ገቢው ራሱ የበጀት ድጎማ እስከሆነ ድረስ ጥያቄው ተመልሶ እዚያው ነው።

በተጫዋቾቹ ላይ ጣት የሚቀስሩትን ግን አልቀላቀልም። እግር ኳስ ተጫዋች በሠላሳ አራት፣ በሠላሳ አምስት ዓመቱ ሥራው ያልቃል፤ ሌላው ሰው ገና እድገት የሚጠብቅበት ዕድሜ ነው። ጉልበቱ ከተጎዳ ከዚያም ቀድሞ ያልቃል። ስንቱ ልጅ ትምህርቱን አቋርጦ ገብቶበታል! ደሞዛቸው ለወራት ሳይከፈላቸው ቆይቶ አቤቱታ ይዘው ፌዴሬሽን ደጅ የጠኑ ብዙ ናቸው፤ ጋዜጣው በቃል የተባለላቸውን ብር ይጽፋል፣ ባንካቸው ግን አልደረሰም። ሴቶቹማ ጭራሽ ሌላ ዓለም ላይ ናቸው። ሎዛ አበራ በአገር ውስጥ ሊግ ግብ ስታዘንብ ኖራ እንጀራዋን ፍለጋ ማልታ፣ ከዚያም አሜሪካ ሄዳለች። የወንዶቹ ጣሪያ ለሴቶቹ ሕልም ነበር።

አሶሳ ላይ ስለ ደሞዝ ሲነሳ የሳላዲን ሰዒድ ስም ሳይጠራ አይቀርም። ከዚህ ክልል ወጥቶ በሙገር ሲሚንቶና በቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውቶ ወደ ግብፁ ዋዲ ደግላ፣ ወደ ቤልጂየሙ ሊርስ፣ ከዚያም ወደ አል አህሊ የተሻገረው አጥቂ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የተመለሰው ቡድን ሱዳንን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ አንዱን አዳነ ግርማ፣ ሁለተኛውን ሳላዲን ነው ያስቆጠሩት። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ያን ቀን ማታ በየከተማው ሰው መንገድ ሞልቶ የጨፈረበትን ደስታ በብር የሚተምን ካለ ይተምን። በጥር ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ላይ ዛምቢያን ስንገጥም ሳላዲን የመታው ፍፁም ቅጣት ምት ያለ ግብ ቀረ። ሰው አለቀሰ፤ ግን ዛሬም ስሙ ሲነሳ የሚታወሰው የሱዳኑ ጎል ነው።

ሳላዲን ግብፅ ውስጥ ምን ያህል ይከፈለው እንደነበር አሶሳ ላይ ያጉረመረመ ሰው አላጋጠመኝም። ዋዲ ደግላ የግል ባለሀብት ክለብ ነው፤ የከፈለው ካይሮ ነው። የሯጮቹም ነገር እንደዚሁ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ዱባይ ላይ ማራቶንን በ2:04:53 ሲያሸንፍ ሽልማቱ 250 ሺህ ዶላር ነበር። አንድም ኢትዮጵያዊ በዛ አላለም፤ ይልቁንም አጨበጨበ። ሯጭ ቋሚ ደሞዝ ብሎ ነገር አይመካበትም፤ አንደኛ የወጣው ይወስዳል፣ ከሽልማቱ መስመር በታች የገባው ለአውሮፕላን ትኬቱ ያወጣውን እንኳ ላይሸፍን ይመለሳል። ጭካኔ አለበት፣ ግን ማን እንደከፈለና ለምን እንደከፈለ ግልጽ ነው። ሰውን የሚያስቆጣው የገንዘቡ መጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ኃይሌ ላይ ከሁሉ በላይ በተቆጣ ነበር።

ቤንሻንጉል ጉሙዝ በፕሪሚየር ሊጉ ቡድን ኖሮት አያውቅም። እግር ኳስ የለም ማለት አይደለም፤ ከባምባሲ እስከ ኩርሙክ ሜዳ የሌለው መንደር ማግኘት ይከብዳል። ግን አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ መንገዱ በወለጋ በኩል ነው፤ ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተዘጋ የአሶሳ ነጋዴ ይነግራችኋል። ክልሉ ራሱ በመተከልና በከማሺ በነበረው ግጭት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቅሎበታል። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ መልሶ መገንባት ያለበት ክልል፣ ለአንድ አጥቂ ፊርማ ከሌላ ከተማ ጋር ሊጫረት አይገባም። ይህን ስል አንዳንድ የአሶሳ ወጣቶች ይቀየሙኝ ይሆናል፤ ክለብ ይኑረን፣ እኛም በቴሌቪዥን እንታይ የሚሉ ናቸው፤ ጥያቄያቸው የክብር ጥያቄ ነው። እኔም ክለብ አይኑራችሁ አልልም። የምለው ገንዘቡ ከታች፣ ከሜዳውና ከታዳጊው ይጀምር ነው።

ስለ መዋጮ ይህ ክልል ከማንም በላይ ያውቃል። እዚሁ ክልል ጉባ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠለት የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ አሶሳ ላይ ቦንድ የገዙ መምህራን ነበሩ። ከወር ደሞዛቸው ተቆርጦ ተከፍሏል፤ ከባድ ዓመታት ነበሩ፣ ያጉረመረመም ነበር። ግን የከፈሉት ነገር ቆሞ ይታያል፤ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በየከተማው ለእግር ኳስ የፈሰሰው የበጀት ብርስ ምን ሆኖ ቆመ? አገሪቱ በሙሉ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም አጥታ ብሔራዊ ቡድኑ ለዓመታት በሰው አገር "ሜዳዬ" እያለ ተጫወተ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ጨዋታው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበር። ያን ቀን ዲኤስቲቪ ቤት የነበረ ሰው ደስታውን አይረሳውም፤ ስታዲየም ገብቶ ያየ የአዲስ አበባ ልጅ ግን አልነበረም። ብሩ ለሣር፣ ለመታጠቢያ ቤት፣ ለመብራትና ለታዳጊ ፕሮጀክት ቢውል ኖሮ ዛሬ ቆሞ የሚታይ ነገር ይኖር ነበር። ደሞዝ ሆኖ ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው ሲዞር ከረመ፤ ተጫዋቹም በሁለት ዓመቱ ለቆ ሄደ።

የወርቁ ነገር እዚህ ላይ ይመለስብኛል። ገበቴ ይዛ የምታጥበው ሴት ባገኘችው ወርቅ ማንም አይከፋም። የሚያስከፋው ጉድጓዱ ተቆፍሮ እንደተተወ ሲቀር፣ ክረምት ውኃ ሞልቶበት ከብት ሲገባበት ነው። የሚቀጥለው ሰው የሚያጥብበት ወንዝ ሲበላሽ ነው።

ከአሶሳ ከመውጣቴ በፊት አመሻሽ ላይ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ሜዳ አጠገብ ቆሜ ነበር። ቀይ አፈር ነው። በአንዱ ጎን ግቡ ቀርከሃ ነው፣ በሌላው ጎን ሁለት ድንጋይ። ታኬታ ያደረገ አንድም ልጅ የለም፤ አብዛኛው በኮንጎ ጫማ፣ የቀረው በባዶ እግር ነው። ኳሷ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተሰፍታለች። ትልቁ ልጅ እጁን ዘርግቶ ለአዲስ ኳስ መዋጮ ይሰበስባል፤ አንዱ አምስት ብር፣ ሌላው አሥር፣ ሌላው ነገ አመጣለሁ ይላል። አንድ ቀጭን ልጅ ጋ ሲደርስ ግን ዘለለው።

"እሱስ?" አልኩት።

"እሱ አያዋጣም" አለኝ። "እሱ ያገባልናል።"

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተስማሙበት ነገር ነው። ቀጭኑ ልጅ እንኳ አልተሽኮረመመም። ብሩ ተቆጥሮ በላስቲክ ተጠቅልሎ ትልቁ ልጅ ኪስ ገባ። ከዚያ አሮጌዋ ኳስ መሃል ሜዳ ላይ ተቀመጠች፤ ከመጀመሪያው ምት በኋላ ስፌቷ መልሶ ሲተረተር አንሥቷት መርፌና ክር ፍለጋ ወደ ጎረቤት ቤት የሮጠው ያው ቀጭኑ ልጅ ነበር።